ዋዛ ያልሆነው ዋዛ

በአማርኛ «ዋዛ» ቀልድ ነው፤ ቁም ነገር ያልሆነ ነገር። ባምባሲና አሶሳ አካባቢ ግን ዋዛ ማለት ቅል ከቅል ጋር እየተቀጣጠለ የሚሠራ፣ የበርታዎች ረጅም መለከት ነው። የቃላቱ መገጣጠም አጋጣሚ ነው። ቢሆንም፣ ከመሀል አገር የራቀን ሙዚቃ እንደ ዋዛ የማየት ልማድ አለብን።

የአገርን ሙዚቃ በቁም ነገር ማጥናትን ሙያቸው ካደረጉ ቀደምት ምሁራን አንዱ ዶክተር አሸናፊ ከበደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ በሚገኘው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። መምህር ብቻ አልነበሩም፤ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን ሥራ ደርሰዋል። በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። በ1982 ደግሞ የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥር የሚፈትሽ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1998 አሜሪካ ውስጥ አረፉ።

የተማሩት ሙያ ዜማን ከሚዜምበት ማኅበረሰብ ነጥሎ አያይም። እስቲ በዚህ ዓይን ወደ ዋዛ እንመለስ። በዋዛ ጨዋታ አንዱ መለከት በአብዛኛው አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ነፊው ተራውን ጠብቆ ይነፋል፤ ዜማው የሚገኘው የሁሉም ድምፅ ሲሰናሰል ነው። ለብቻው ዜማውን የሚጫወት ሰው የለም።

ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ግን ተማሪውን የሚፈትነው ለብቻው ነው። ክራርም ይሁን ፒያኖ፣ ይዞ ይቀርባል፣ ይጫወታል፣ ነጥብ ያገኛል። የዋዛ ነፊ ለብቻው ቢቀርብ አንድ ድምፅ ያሰማና ይቆማል። ታዲያ አላዋቂ ነው እንበል? እውቀቱ ያለው ድምፁን መቼ ማስገባት እንዳለበት በማወቁ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ጓደኞቹ ከሌሉ ማሳየት አይችልም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በርታዎች የሚኖሩት ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ነው፤ ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት የሸሹ ሰዎችም ባምባሲ የስደተኞች መጠለያ ገብተዋል። አንድ መሰንቆ መቺ ቢሰደድ ዜማውን ይዞ ይሄዳል። የዋዛ ቡድን ሲበተን ግን እያንዳንዱ ነፊ ይዞ የሚሄደው አንድ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ዋዛን እናቆይ ካልን መለከቱን ሙዚየም ማስገባት፣ ድምፁንም መቅረጽ ብቻ አይበቃም። ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ጎን ቆመው ተራቸውን የሚለማመዱበት ጊዜና ቦታ ያስፈልጋቸዋል።