ገንዳውን በሰኔ ማድረቅ፦ አኳፖኒክስ በምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች

ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውኃ የሚያለማው አኳፖኒክስ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ከጻፉት መካከል ሃርት፣ ዌብና ዳኒልቹክ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናታቸው የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎችን አነጋግረው ሥራው የመምህሩን ጊዜ እንደሚበላ፣ ቧንቧውና ፓምፑ እንደሚያስቸግር፣ ትምህርት ሲዘጋም ገንዳውን የሚንከባከብ እንደሚጠፋ አመልክተዋል። ዝርዝሩ ትክክል ነው። የተሳሳተው ርእሱ ነው፤ ሁሉም «ችግር» ከሚል ርእስ ሥር ገብቷል።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ ማለት አያሻም። በአገራችን በሐዋሳና በሸዋሮቢት በቤተሰብ ደረጃ ተሞክሯል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያም ለጀማሪ ይበቃል። ዓሣው በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፣ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፣ ናይትሬቱን ደግሞ ቆስጣውና ሰላጣው ይመገቡታል።

ክርክሩ ያለው የጊዜ ሰሌዳው ላይ ነው። የምዕራብ ጎጃሟ ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ፍኖተ ሰላምም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይወዳል፤ ከ17 በታች አይበላም፣ አያድግም፤ ከ12 በታች ይሞታል። ሐምሌና ነሐሴ ብርድና ዝናብ ነው፤ ተማሪውም ቤቱ ነው። ታዲያ በእነዚህ ሁለት ወራት ዓሣ ለማቆየት መድከም ለምን አስፈለገ? ገንዳ የሚሆነው ሮቶ በመስከረም ይሞላ፣ ባክቴሪያው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይልመድ፣ ዓሣው በጥቅምት መጨረሻ ይግባ፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ይደግ፣ በሰኔ ይውጣ። ደለሉ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይሂድ። ሃርትና ባልደረቦቿ ያስጨነቃቸው የዕረፍት ጊዜ ያኔ ከነጭራሹ አይኖርም።

በየዓመቱ ከዜሮ መጀመር ኪሳራ ነው የሚል ይኖራል። ለዓሣ ነጋዴ አዎ፤ ለትምህርት ቤት ግን አይደለም። የናይትሮጅን ዑደት ሲወለድ በዓይን የሚታየው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው። የሞላና የተረጋጋ ገንዳ ለተማሪ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነው። ዓሣው በስምንት ወር ለገበያ አይደርስም ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፦ የሳይንስ ክበብ ዓሣ አይነግድም። መብራት ሲጠፋስ? አምባዛ ከአየር ስለሚተነፍስ ፓምፑ ቢቆም ይታገሣል፤ ለቆሮሶ ደግሞ ተረኛ አለለት።

ይህ ጽሑፍ ክብደት የሚሰጠው ለዚሁ ተረኛ ነው። ተረኛዋ ተማሪ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ገንዳው ላይ ታጎነብሳለች። ቆሮሶዎቹ አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አውጥተው ሲያዛጉ ካየች መለኪያ አያስፈልጋትም፤ ኦክስጅን አንሷል። በጆግ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሳለች፤ ጓደኛዋ ፓምፑን ያያል። ከዚያ መኖው ይመዘናል። መመሪያው ለአንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም ይላል፤ ዓሣ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ቢበላ 50 ግራም ማለት 2.5 ኪሎ ዓሣ ነው። የልጅ እፍኝ ስንት ግራም ይሆን? ሚዛን ላይ ይውጣ። ሰሜን አሜሪካዊው መምህር ከትከሻው ሊያወርደው የፈለገው ሸክም ይህ ነው። ከብት በተራ እየጠበቀ ላደገ የገጠር ልጅ ግን ተራ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥናቱ ይህን ሊያውቅ አልቻለም።

ችላ የተባለ ምንጭም አለ። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ አብነት ትምህርት የጻፉት፣ መንግሥቱ ለማ የተረጎመውና እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ የታተመው መጽሐፍ በአኳፖኒክስ ጽሑፎች ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። የጎጃም ቅኔ ቤት ግን የዘለቀው ነባሩ ተማሪ አዲሱን እያስጠና ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በሰኔ የገንዳውን ደብተር ለ10ኛ ክፍሎች ካስረከቡ መምህሩ ቢዛወር እንኳ ሥራው አይቆምም። ሃርትና ባልደረቦቿ ያነሱት የጊዜ እጥረት ግማሽ መልሱን እዚህ ያገኛል።

ሐሳቡ በተግባር መፈተሽ እንዳለበት ግልጽ ነው፤ የየቀበሌው ሙቀትም ይለያያል። አንድ ነገር ግን ፈተና አይጠይቅም፦ ገንዳው ከብርብራ ዛፍ ሥር አይቀመጥ። ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ ማደንዘዣ እንደሚሆን የአካባቢው አጥማጅ ከማንም በፊት ያውቃል።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ርእሳነ መምህራን ለመጀመር የባለሙያ ቡድን መጠበቅ የለባቸውም። አንድ ሮቶ፣ አትክልቱ የሚተከልበት አንድ ካሬ ሜትር ጠጠርና የተረኞች ዝርዝር ለመስከረም ያዘጋጁ።