ይፋት በምን በለጸገች?

አንባቢ ሆይ፤ የወርቅ ጉድጓድ የሌላት ትንሽ አገር በምን ባለጸጋ እንደምትሆን ለማወቅ ብትፈቅድ ከአጣዬ ገበያ ቆመህ ግራና ቀኝ ተመልከት። በምዕራብ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞአል፤ በምሥራቅ የአፋር በረሃ ተዘርግቶአል። ደጋው እህል አለው፣ ጨው ግን የለውም፤ በረሃው ጨው አለው፣ እህል ግን የለውም። ይፋት በሁለቱ መካከል ያለች ደረጃ ናት። ተፈጥሮ የሰጠቻት ሀብት ይህ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1285 የወላስማ ቤት ሱልጣኖች የሸዋን የእስላም መንግሥት በያዙ ጊዜ የዘይላ መንገድ በእጃቸው ገባ። በ1349 የሞተው የደማስቆ ተወላጅ አል ዑመሪ እንደ ጻፈው፣ በይፋት ነጋዴዎች የሚያመጡት የግብፅ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ሸንኮራ አገዳም ይበቅል ነበር።

ነገር ግን በረኛው በሩን ለራሱ ብቻ ሊያደርገው ሲፈልግ ጠብ ይነሣል። ሱልጣን ሐቀዲን ከግብፅ የሚመለሰውን የዐጼ ዓምደ ጽዮንን መልእክተኛ ያዘ፤ ከዚያም ጦርነት ሆነ። በ1332 ደግሞ ሰብረዲን ተነሥቶ ድል ሆነ። በመጨረሻም ሰዐደዲን በዘይላ ተገደለ፤ ልጆቹም ከየመን ስደት ተመልሰው መንግሥታቸውን በአዳል ተከሉ። ዛሬ የኖራና የአስበሪ ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሽ ብቻ ናቸው።

መንገዱ ግን አልሞተም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የቆላውን ዳር የሚጠብቀው ሹም ወላስማ ሙሐመድ ነበረ፤ የጥንቱ ቤት ስም ለክርስቲያን ንጉሥ አገለገለ። ንጉሡም በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ። በአልዩ አምባ ገበያ አፋሩ የአሳልን ጨው በግመል፣ ደገኛው እህሉን በአህያ፣ አርጎባው የሸመነውን ልብስ ይዞ ይገናኝ ነበር። በዚያው መንገድ ባሪያም ይሸጥ ነበርና ትርፉ ሁሉ ንጹሕ አልነበረም።

በ1909 ዓ.ም. ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕሩ ንግድ ከይፋት ራቀ። ለይፋት የቀረላት መሬቷ፣ የእጅ ጥበቧና የጎረቤቶቿ መተማመን ነው። ከሦስቱም የሚሰበረው የኋለኛው ነው፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ስትቃጠል አይተናልና። የተቃጠለ ቤት በእንጨትና በቆርቆሮ ይሠራል፤ ደገኛና ቆለኛ ሳይፈራሩ የሚገናኙበት ገበያ ግን በመተማመን ካልሆነ አይሠራም። ይፋት የበለጸገችው በዚያ ነበረ፤ ወደ ፊትም የምትበለጽገው በዚያው ነው።