ካርታው ከቢሮ የወጣበት ዘመን

ጋዜጠኝነት ተምሬ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ክረምት ላይ ጎርፍ ስለሚያጠቃቸው ሰፈሮች እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ከወንዙ ዳር እስከ መቶ ሜትር ድረስ ስንት ቤት አለ? የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ካርታውም ኮምፒውተሩም ነበረው። ሶፍትዌሩን የሚያውቀው ባለሙያ ግን ለስልጠና ወጥቷል ተባልኩ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ አሁንም አልመጣም። ጽሑፌ ያለ ቁጥር ወጣ።

ካርታ መኖርና ካርታን መጠየቅ መቻል ለየቅል መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። እስኪ ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንዴት እየጠበበ እንደመጣ እናውጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው በ1960ዎቹ ካናዳ ውስጥ ነው። ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ የጂኦግራፊ ባለሙያ የአገሪቱን የመሬት ሀብት ለመመዝገብ ካርታን ወደ ኮምፒውተር አስገባ። የአፈሩን ካርታ በደኑ ካርታ ላይ፣ የደኑን በእርሻው ላይ እየደረቡ «የትኛው መሬት ለምን ይመቻል?» ብሎ መጠየቅ ተቻለ። ትልቅ ግኝት ነበር። ነገር ግን ጥያቄውን ማቅረብ የሚችለው ውድ ማሽንና ረጅም ስልጠና ያለው ብቻ ነበር። ይህ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብዙም አልተለወጠም።

በ1993 ስቲቭ ፑትዝ በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ካርታን ድረ ገጽ ላይ አወጣ። ሰው ይጫናል፣ ሩቅ ያለው ኮምፒውተር አዲስ ካርታ ስሎ ይልክለታል። በ1996 ማፕኩዌስት መንገድ ጠቋሚ ሆኖ መጣ። ሆኖም ተራው ሰው የራሱን መረጃ እንደልቡ ካርታው ላይ ማስቀመጥ ገና ቀላል አልነበረም።

ያንን አጥር የሰበረው ቤት ፈላጊ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ጉግል ማፕስ በየካቲት 2005 ሲወጣ ፖል ራደማከር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ የቤት ማስታወቂያዎችን ከክሬግስሊስት እያመጣ ካርታው ላይ ተከላቸው። ማንም አልፈቀደለትም። ጉግል ግን ከመቆጣት ይልቅ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በሩን ለሁሉም ከፈተ። ከዚያ በፊት በግንቦት፣ አድሪያን ሆሎቫቲ የቺካጎ ፖሊስን የወንጀል መዝገብ ካርታ ላይ አውጥቶ ነበር። የከተማዋ ነዋሪ የራሱን መንገድ ስም መርጦ የሆነውን ያያል። ሆሎቫቲ ደግሞ የተማረው ጋዜጠኝነት ነው! (እዚህ ላይ ትንሽ ብኮራ ይፈቀድልኝ።)

ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው ግን እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ከታኅሣሥ 2007ቱ ምርጫ በኋላ ግጭት ሲነሳ መንግሥት የቀጥታ ስርጭትን አገደ። ኦሪ ኦኮሎ የምትባል የሕግ ባለሙያና ጦማሪ «ጥቃት የደረሰባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ የሚያወጣ ማን ነው?» ስትል ጥሪ አቀረበች። በቀናት ውስጥ ኡሻሂዲ ተወለደ፤ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ሰው ያየውን በድረ ገጹ ወይም በአጭር የስልክ መልእክት ይልካል፣ ካርታው ላይ ነጥብ ይሆናል። በዚያ ግጭት ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል። በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ይኸው መሣሪያ ተመልሶ ሠራ። የኦፕንስትሪትማፕ በጎ ፈቃደኞችም የፖርቶ ፕረንስን መንገዶች ከሳተላይት ፎቶ ላይ በየቤታቸው ሆነው ሳሉ።

ታዲያ ሁሉም ነገር አማረ ማለት ነው? አይደለም። ነጥብ የበዛበት ሰፈር ጥቃት የበዛበት ላይሆን ይችላል፤ ስልክ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ስልክ የሌለው ሰው ካርታው ላይም የለም። የምስክሩን ቤት በትክክል የሚያሳይ ነጥብ ደግሞ ለረዳቱ ብቻ ሳይሆን ለአጥቂውም ይታያል። ባለሙያው ቢሮ በነበረበት ዘመን እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳ ሰው ቢያንስ ይኖር ነበር። መሣሪያው ሲቀል ጥንቃቄው አብሮ አይቀልም። አሁን በእኛው ጫንቃ ላይ ነው።

በ2009 የናይሮቢዋ የኪቤራ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው በየጉራንጉሩ እየዞሩ ሰፈራቸውን የመዘገቡትም ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ያ ሁሉ ሕዝብ የሚኖርበት ቦታ በኦንላይን ካርታዎች ላይ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ጎርፉ ልመለስ። ዛሬ ያን ጥያቄ ማንንም ሳልጠብቅ፣ ከኢንተርኔት ካፌ ሆኜ፣ ወንዙን አጉልቼ ርቀቱን እየለካሁ መጠየቅ እችላለሁ። ነገር ግን ቤቶቹን የሳላቸው ከሌለ መልሱ «ዜሮ» ይሆናል። የዚያን ዜሮ ትርጉም የምታውቁት እዚያ ሰፈር ያደጋችሁት ናችሁ። እናንተ ካልሳላችሁት ማን ይስለዋል?