ማይክሮፕላስቲክ

ማይክሮፕላስቲክ መጠኑ ከ5 ሚሊሜትር የሚያንስ የፕላስቲክ ስባሪ፣ ጭረት ወይም ብናኝ ነው። ስያሜው በስፋት የታወቀው ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ካሳተሙት ጥናት ወዲህ ነው። የሚመነጨው ከፌስታል፣ ከውሃ ኮዳ፣ ከመኪና ጎማና ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው።

በድሬዳዋ ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የተጣለ ፌስታል፣ የጫት መጠቅለያውን ጨምሮ፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ይጠርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናትም በኢትዮጵያው የዝዋይ ሐይቅ ዓሦችና ደለል ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝቷል።

ቅንጣቱ ወደ ሰውነት የሚገባው በምግብ፣ በውሃና በአየር ነው። በእንግዴ ልጅና በደም ውስጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የጣሊያን ጥናት እንዳመለከተው፣ በአንገት ደም ቅዳቸው የስብ ክምችት ውስጥ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሕሙማን ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክ ወይም ለሞት ይበልጥ ተጋልጠዋል። ይህ ግን ዝምድናን እንጂ መንስኤነትን አያረጋግጥም።

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ የ2017 ዓ.ም. አዋጅ ክልከላውን አስፍቷል።