ድምፅ ከአልማዝ በፊት
ዴሞክራሲ ለታዳጊ አገር ይስማማልን?

የአፍሪካ አገሮች ከቅኝ ግዛት ቀንበር መላቀቅ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ እልባት ያላገኘ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ዴሞክራሲ ለድኻ አገር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ነው። አይስማማም የሚሉት ወገኖች ምክንያታቸው የታወቀ ነው። የራበው ሕዝብ የሚሻው እንጀራ እንጂ የምርጫ ወረቀት አይደለም፤ የፓርቲዎች ፉክክርም ጎሣን ከጎሣ ያጋጫል፤ ስለዚህ አገር እስኪለማ ድረስ ሥልጣን በአንድ እጅ መጠቃለል አለበት ይላሉ። ጁሊየስ ኔሬሬን የመሰሉ ቅን መሪ ሳይቀሩ የአንድ ፓርቲን ሥርዓት ደግፈው ተከራክረዋልና ሐሳቡ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ክርክሩን የሚመዝነው ታሪክ ስለሆነ ሁለት አገሮችን እንመልከት። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋና በ1957 ነፃ ስትወጣ በካካዎ ንግድ የዳበረ ሀብትና የተማረ የሰው ኃይል ነበራት። ሆኖም በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ በ1964 ከገዢው ፓርቲ በቀር ሌላው ሁሉ ታገደ። ስለ ነፃነት የታገሉት የሕግ ሊቅ ጄ. ቢ. ዳንኳ በ1965 በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። በ1966 መጀመሪያ ወታደሮች ክዋሜ ንክሩማህን ሲገለብጡ መንግሥት በሰላም የሚለወጥበት በር አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ቀን ቦትስዋና ነፃነቷን አወጀች። ይህች አገር በድርቅ የተመታች፣ በጀቷ በእንግሊዝ ድጎማ የቆመ፣ የተነጠፈ መንገዷም ከ12 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ነበር። ቅኝ ገዢዎቿ ያስተዳደሯት እንኳ ከክልሏ ውጭ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከምትገኘው ከማፌኪንግ ከተማ ተቀምጠው ነበር። እንጀራ ይቅደም የሚለው ምክንያት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከእርሷ የበለጠ የሚመለከተው አገር ባልተገኘም ነበር። እርሷ ግን በ1965 በብዙ ፓርቲዎች መካከል ምርጫ አካሂዳ ነበር። በኦራፓ አልማዝ የተገኘው በ1967 ነውና ድምፁ ከሀብቱ ቀደመ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር አለው። አልማዙ የተገኘው የፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ ወገን በሆነው በባማንግዋቶ ምድር ሲሆን የማዕድን መብት ግን በሕግ ለመላው አገር ተላለፈ። በ1969 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኩዌት ማሲሬ፣ አለቅነታቸውን ትተው ለምርጫ በቀረቡት በባቶኤን ተሸነፉ። ወደ ምክር ቤት የተመለሱት በልዩ ተመራጭነት ቢሆንም፣ የገንዘብ ሣጥኑን የያዘ ባለሥልጣን በወረዳው ሕዝብ ፊት ሊወድቅ እንደሚችል ታየ።

ይህ ልማድ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም። የጽዋና ሕዝብ ክጎትላ የሚባል ሸንጎ አለው፤ አለቃ አለቃ የሚሆነው በሕዝቡ ነው የሚል ብሂልም አለው። እርግጥ ነው፣ በጥንቱ ሸንጎ ሴቶችና ገባር ጎሣዎች ድምፅ አልነበራቸውም። በኋላም ቢሆን የሳን ሕዝብ ከካላሃሪ ምድሩ ተነቅሏል። ቢሆንም እነዚሁ ሰዎች መንግሥትን ከሰው በ2006 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ለመርታት ችለዋል።

አንድ ፓርቲ ለ58 ዓመታት ያህል ሲገዛ ይህ ምን ዓይነት ዴሞክራሲ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። መልሱ በ2024 መጣ። የአልማዝ ገበያ በቀዘቀዘበት በዚያ ዓመት ገዢው ፓርቲ ከ61 የምርጫ ወንበሮች 4 ብቻ አገኘ። ፕሬዚዳንት ሞክዌትሲ ማሲሲ ቆጠራው ሳያልቅ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ዱማ ቦኮም ያለ አንዳች ጥይት ሥልጣኑን ተረከቡ።

የአንዲት አገር ታሪክ ለሁሉም ሕግ አይሆንም። ነገር ግን ድኽነት ሕዝብን ዝም ለማሰኘት በቂ ምክንያት አለመሆኑን ያስረዳል። ሀብት ሲመጣ ጠያቂ ቀድሞ ካልቆመ፣ ሀብቱ ከገባ በኋላ ጠያቂን ማቆም እጅግ ይከብዳል። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን ድኻ አገር ዴሞክራሲን ይችለዋል ወይ ብለን ሳይሆን፣ ያለ እርሱ ያላትን ጥቂት ሀብት ማን ይጠብቅላታል ብለን ነው።