ዘይት ሲበዛ

“ጠመንጃህን ዘይት አታሳጣው” የሚለውን ምክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በኅዳር 1943 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ውስጥ፣ ቾሲን ሐይቅ ዳር የተከበቡትን የአሜሪካ ወታደሮች ግን ጉድ ያደረጋቸው ይኸው ዘይት ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲያልፍ ዘይቱ እንደ ቅቤ ረጋ። ካርባይኑማ ጭራሽ አስቸገረ፤ ጠላት ፊት ለፊት እየመጣ ቃታውን ቢስቡት ዝም!

መላው ቀላል ነበር፦ ዘይቱን በጨርቅ መጥረግ፣ እየቆዩ ተኩሶ ማፍታታት። ሙቅ ድንኳን ውስጥም አለማስገባት፤ ከብርድ የገባ ብረት ያልበዋል፣ መልሰው ሲያወጡት ላቡ በረዶ ይሆናል። የቀዝቃዛ አገር አዳኞች ዛሬም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቢቀቡም በስሱ፣ ያውም ቀጭን ዘይት።

ታሪኩ ወደ እኛም ይመጣል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የተመደበው፣ ቾሲን ላይ ወታደሮቹ ክፉኛ በተመቱበት በ7ኛው የአሜሪካ ክፍለ ጦር ሥር ነበር። ቀጣዩን የብርድ ወራትም በኮሪያ ተራሮች ላይ አሳለፈ። ስለ ቃኘው ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ጀግንነት ብቻውን የረጋ ዘይት አያቀልጥም እላለሁ። አገር ቤት የጠቀመ ልማድ ሰው አገር ሊገድል ይችላል።