ለጨዋታ የሌላውን ጾታ ልብስ መልበስ፦ በሽታ ነው?

ትንሹ ወንድ ልጅዎ የእህቱን ቀሚስ አጥልቆ መስታወት ፊት ሲሽከረከር አገኙት እንበል። ወይም የጎልማሳ ወንድምዎ ሻንጣ ውስጥ የሴት ልብስ አዩ። «ምን ነካው?» ብለው ከደነገጡ፣ ከሕክምና አንጻር መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም» ነው።

ትንንሽ ልጆች የአዋቂ ልብስ ማጥለቅ ይወዳሉ። የእናት ነጠላ፣ የአባት ኮፍያ፣ የአክስት ታኮ ጫማ ለእነሱ እንደ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው። ልጁ ቀሚስ ስለለበሰ ነገ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ማወቅ አይቻልም። እርስዎ መጠንቀቅ ያለብዎት ታኮው እንዳይጥለው፣ ነጠላውም አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም ነው።

አዋቂዎችም ለቀልድ፣ ለቴአትር ወይም ደስ ስለሚላቸው ብቻ ይለብሳሉ። ልብሱ ማንን እንደሚወዱ አይናገርም። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር፣ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።

የወንድ ወይም የሴት የምንለው ልብስ ራሱ ከዘመን ዘመን ይለያያል። በአያቶቻችን ጊዜ ሱሪ የለበሰች ሴት መነጋገሪያ ትሆን ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ዞሮ የሚያያት የለም። ፓሪስ ውስጥ ሴት ሱሪ ለመልበስ የፖሊስ ፈቃድ እንድትጠይቅ ያዝ የነበረው የ1800 ደንብ ውድቅ መሆኑ በይፋ የተገለጸው በ2013 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1884፣ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በቀሚስ የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ በዚያ ዘመን ትንንሽ ወንዶችን ቀሚስ ማልበስ የተለመደ ነበር።

የሕክምናው አመለካከትም ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ በዚህ ጉዳይ ሁለት የሕመም ስሞች ነበሩት። በ2019 ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ምደባ ሁለቱንም አስወጥቷቸዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን አንድ ስም አስቀርቷል፤ እሱም ልብሱ ከወሲባዊ መነሣሣት ጋር ተያይዞ ቢያንስ 6 ወር ሲቆይና ሰውየውን ራሱን ሲያስጨንቅ ወይም ኑሮውን ሲያውክ ነው። ለጨዋታ መልበስ በዚህ ውስጥ አይገባም።

ጉዳዩን በሃይማኖት ዓይን የሚያዩ ቤተሰቦች አሉ፤ ያንን ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር መነጋገር ይቻላል። ዱላ፣ በሰው ፊት ማዋረድ፣ ከቤት ማባረር ግን ሕክምና አይደሉም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከልብሱ ይልቅ ይህ ነው፤ የተዋረደ ልጅ ይደበቃል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርቱን ይጠላል፣ ድባቴም ሊይዘው ይችላል።

ሰውየው «መተው እፈልጋለሁ፣ አቃተኝ» ካለ፣ ሥራው ወይም ትዳሩ ከተናጋ፣ ወይም ልጅዎ ለወራት ሳያቋርጥ በጾታው እንደሚጨነቅ ከነገረዎት ሐኪም ያማክሩ። ለዚህ የደም ምርመራም ራጅም አያስፈልግም። ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ሐሳብ ይጠይቃል፤ ከታካሚው ጋር ብቻውን ለመነጋገር እርስዎን ውጭ እንዲጠብቁ ቢጠይቅ አይከፋዎት። ራሱን ስለ መጉዳት ወይም ስለ መሞት ካወራ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።